የአራት ሰከንድ ሩጫ፦ በእጅ የሚሣልና በኮምፒዩተር የሚሠራ አኒሜሽን

እሑድ ረፋድ ላይ በአስኮ አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ሊነሣ ነው። ረዳቱ በበሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ፒያሳ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ፣ ከፊት በቀጫጭኑ ተጎንጉኖ ከኋላ የተበተነው ሹሩባዋ እየዘለለ ወደ መኪናው ትሮጣለች። ሁሉም ነገር በአራት ሰከንድ ያልቃል። በአካባቢው ያለ መንገደኛም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ይህንኑ ትዕይንት ልጆችና ወላጆች አብረው ለሚያዩት ፊልም በአኒሜሽን እንሥራው ብንል ሁለት መንገዶች ይቀርቡልናል። አንደኛው እያንዳንዱን ምስል በእጅ መሣል ነው። ሁለተኛው ልጅቱንም፣ ነጠላዋንም፣ ሚኒባሱንም በኮምፒዩተር ውስጥ ባለ ሦስት ልኬት ቅርጽ አድርጎ ሠርቶ ማንቀሳቀስ ነው። በተለምዶ ስለ ሁለቱ የሚነገረው የመጀመሪያው የድሮና አድካሚ፣ ሁለተኛው ዘመናዊና ማሽኑ ራሱ የሚሠራው መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ግን ኮምፒዩተሩ ድካሙን እንዳላስቀረ፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ብቻ እንዳዛወረው ነው። ድካሙ ወዴት እንደ ተዛወረ መረዳት በተለይ ለእኛ አገር ተማሪ የሚጠቅም ይመስለናል፤ ምክንያቱን ወደ ሹሩባው ስንደርስ እናየዋለን።

ዓይን ወይስ አንጎል?

ከሁለቱም መንገዶች በፊት አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። በብዙ መጻሕፍት እንደ ተጻፈው ፊልም የሚንቀሳቀስ የሚመስለን አንድ ምስል ከዓይናችን ሳይጠፋ ሌላው ስለሚተካበት ነው ይባላል። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የምናየው ሩጫ ሳይሆን እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ምስሎች ድብልቅልቅ በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ማክስ ቨርትሃይመር የተባለው የሥነ ልቡና ተመራማሪ የዚህን ክስተት ጥናት አሳተመ። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ምልክቶች ተራ በተራ ሲታዩ፣ በመካከላቸው ያለው ጊዜ 60 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲሆን ተመልካቹ ሁለት ነገሮችን አያይም፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የተንቀሳቀሰ አንድ ነገር ያያል። ጊዜው በጣም ሲያጥር ሁለቱም በአንድነት የበሩ ይመስላሉ፤ ሲረዝም ደግሞ ተራ በተራ መብራታቸው ይለያል። እንቅስቃሴውን የሚፈጥረው እንግዲህ አንጎላችን ነው። እርሱ በቂ ፍንጭ ከተሰጠው የጎደለውን ይሞላል።

ፊልም በሰከንድ 24 ምስሎች የሚያሳየው ለዓይን ምቾት ተብሎ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ከፊልም ጋር በተጣመረበት ጊዜ ነው። ድምፁ እንዳይዛባ ፊልሙ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት መሄድ ነበረበት። በእጅ የሚሥሉ ባለሙያዎች ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ያህል ያቆዩታል። በሰከንድ 12 ሥዕል ማለት ነው፤ ለአብዛኛው እንቅስቃሴም ይበቃል። ስለዚህ የአስኮዋ ልጅ ሩጫ በፊልሙ ላይ 96 ምስሎች ሲሆን በወረቀት ላይ 48 ሥዕሎች ይሆናል።

እርሳስና ወረቀት

በእጅ የሚሠራው ሰው ከመጀመሪያው እስከ አርባ ስምንተኛው በተራ አይሥልም። አስቀድሞ ዋና ዋናዎቹን ሁኔታዎች ይሥላል፦ እግሯ መሬት የነካበትን፣ ሰውነቷ ዝቅ ያለበትን፣ አንዱ እግር ሌላውን ያለፈበትን፣ ሁለቱም እግሮች ከመሬት የለቀቁበትን። እነዚህ ቁልፍ ሥዕሎች ይባላሉ። በመካከላቸው የሚገቡትን በትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ረዳቶች ይሞሏቸዋል። ሥዕሎቹ በቀረቡ ቁጥር እንቅስቃሴው ይዘገያል፤ በተራራቁ ቁጥር ይፈጥናል። ልጅቱ ሩጫ ስትጀምር ሥዕሎቹ ይቀራረባሉ፤ ፍጥነት ስትይዝ ይራራቃሉ። ይህ ሰው በእጁ የሚሠራው የፍጥነት መጨመር ትምህርት ነው፤ ያለ ስሌት፣ በዓይን ግምት ይሠራል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው እጅግ ከባድ ነበር። ዊንዘር ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳየው «ገርቲ» የተባለች ዳይኖሰር ፊልም ውስጥ ከዳይኖሰሯ ጋር ዛፉና ተራራው ጭምር በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ እንደገና ተሥሏል። ሥዕሎቹ 10 ሺህ ገደማ እንደሚደርሱ ይነገራል። በዚያው ዓመት ግን ኤርል ኸርድ ገጸ ባሕርይውን ብርሃን በሚያሳልፍ ሴሉሎይድ ላይ የመሣልን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ጀርባው አንድ ጊዜ ተሥሎ ከሥር ይቀመጣል፤ ከላይ የሚለወጠው ሴሉሎይዱ ብቻ ነው። ጀርባውም በንብርብር ከተለየ ጥልቀት ይገኛል። በእኛ ትዕይንት በሩቅ የሚታየውን የእንጦጦን ሰንሰለት በዝግታ፣ በመንገዱ ዳር ያሉትን የመብራት ምሰሶዎች በፍጥነት ብናንቀሳቅስ ተመልካቹ ርቀቱን ወዲያው ይረዳል። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው «ስኖው ኋይት» ፊልም ይህን ለመሥራት ሥዕሎችን በተለያየ ከፍታ ላይ ባሉ መስታወቶች አስቀምጦ ከላይ የሚያነሣ ትልቅ ካሜራ ተጠቅሟል።

በነገራችን ላይ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መናገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ክፍሎች ከፋፍሎ የሚያሳየው ባህላዊ ሥዕል ዛሬ የፊልም ሠራተኞች ቀረጻ ከመጀመራቸው በፊት ግድግዳ ላይ ከሚለጥፉት የትዕይንት ንድፍ ብዙም አይለይም። የቀረው ነገር በአንዱ ክፍልና በሌላው መካከል ያሉትን ሥዕሎች መሙላት ነበር።

ወደ ነጠላው እንመለስ። ሠዓሊው ልጅቱ ስትሮጥ ጨርቁ ወደ ኋላ እንደሚጎተት፣ ስትቆም ደግሞ እርሷ ከቆመች በኋላ ጥቂት ወደ ፊት ሄዶ እንደሚመለስ ያውቃል። ይህን ያወቀው ነጠላ የለበሰ ሰው ሲሮጥ አይቶ ነው። የጨርቁን ክብደት አልለካም፤ የክሩን ጥንካሬም አላሰላም። ሹሩባውንም እንዲሁ በጥቂት መስመሮች ይገልጸዋል። እርሳስ የሚሥለውን ነገር ምንነት አይጠይቅም። የእጅ ሥራ ትልቁ ኃይሉ ይህ ነው። ትልቁ ድክመቱ ደግሞ ሠዓሊው 48ኛውን ሥዕል ሲጨርስ 49ኛው እንደ መጀመሪያው ያህል ድካም የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ልጅቱ በሚቀጥለው ትዕይንት ሚኒባሱ ውስጥ ብትቀመጥ ሁሉም ከባዶ ወረቀት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ስለ 101 ዳልማሽያን ውሾች የተሠራ የዲዝኒ ፊልም ላይ ስቱዲዮው ራሱ ቆጥሬያለሁ ያለው የውሾቹ ነጠብጣብ 6,469,952 ነበር። ፊልሙን መጨረስ ከተቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ የሠዓሊውን እርሳስ በቀጥታ ወደ ሴሉሎይድ የሚገለብጥ የፎቶ ኮፒ ዘዴ በመገኘቱ ነው።

ቁጥርና ቅርጽ

ኮምፒዩተር በአኒሜሽን ውስጥ የገባው በመካከለኞቹ ሥዕሎች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በካናዳ ፒተር ፎልዴስ የሠራው «ረኀብ» የተሰኘ አጭር ፊልም ቁልፍ ሥዕሎቹን ሰው ሣላቸው፤ መካከሉን ማሽኑ አሰላው። ስሌቱ በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው። የልጅቱ እጅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 40 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል እንበል። በእኩል ፍጥነት ከሄደ በሩብ ሰከንድ 10፣ በግማሹ 20፣ በሦስት ሩቡ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ እጅ ግን የማሽን እጅ ይመስላል፤ የሰው እጅ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎም ያርፋል። ስለዚህ የጊዜውን ክፍልፋይ በራሱ አባዝተን በ3 እናበዛዋለን፤ ከዚያ ላይ ክፍልፋዩን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝተን ያገኘነውን ሁለት እጥፍ እንቀንሳለን። በሩብ ሰከንድ ውጤቱ 0.15625 ነው፤ እጁ 6.25 ሴንቲ ሜትር ላይ ይገኛል። በግማሹ 20፣ በሦስት ሩቡ 33.75 ይሆናል። ሠዓሊው ሥዕሎቹን በማቀራረብና በማራራቅ የሠራውን አንድ ኩቢክ ፖሊኖሚያል ሠራው ማለት ነው።

የልጅቱ ፊትና የሚኒባሱ ሰውነትም ከእንዲህ ዓይነት ፖሊኖሚያሎች ይሠራሉ። ዛሬ በየሥዕል ሶፍትዌሩ የምናገኛቸው የቤዚዬ ኩርባዎች የተወለዱት በፊልም ስቱዲዮ ሳይሆን በፈረንሳይ መኪና ፋብሪካዎች ውስጥ ነው። ፒዬር ቤዚዬ በሬኖ፣ ፖል ደ ካስቴልዦ በሲትሮኤን የመኪና ሰውነትን በቁጥር ለመግለጽ ደክመው ያገኟቸው ናቸው። ቅርጹ ከተሠራ በኋላ በውስጡ አጽም ይገባለታል። ከዚያ በኋላ ባለሙያው የሚያንቀሳቅሰው አጽሙን ነው፤ ቆዳው ይከተላል። ልጅቱ አንድ ጊዜ ከተሠራች ሺህ ጊዜ ብትሮጥ እንደገና አትሣልም።

የእጅ ሠዓሊዎች ያካበቱት ዕውቀት እዚህ ላይ አልተጣለም። ጆን ላሴተር እ.ኤ.አ. በ1987 ባቀረበው ጽሑፍ የዲዝኒ ሠዓሊዎች ለአሥርት ዓመታት ያዳበሯቸው ደንቦች፣ ማለትም ከመዝለል በፊት ማጎንበስ፣ ሲወድቁ መጨፍለቅ፣ ጨርቅና ጸጉር ከሰውነት ዘግይተው መድረስ፣ ለባለ ሦስት ልኬቱም ሥራ እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል። ኮምፒዩተር ያለ እነርሱ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ይንሸራተታል እንጂ አይሮጥም።

አሁን ግን ማሽኑ ይጠይቀናል። ነጠላው ምንድን ነው? እርሳሱ ያልጠየቀውን ጥያቄ እዚህ መመለስ ግዴታ ነው። ጨርቁን 100 በ200 በሆነ መረብ ላይ የተቀመጡ 20,000 ነጥቦች እናድርገው። እያንዳንዱ ነጥብ ክብደት አለው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር በጥቃቅን ሞላዎች ተያይዟል። በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የተማርነው የሁክ ሕግ ሞላው በተለጠጠ መጠን የሚስብበትን ኃይል ይሰጠናል፤ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ደግሞ የፍጥነቱን ለውጥ። ቀላል ይመስላል። ችግሩ ጨርቅ እምብዛም አለመለጠጡ ነው። ሞላዎቹ ጠንካራ ይሆናሉ፤ የጊዜው እርምጃ ትንሽ ከረዘመ ስሕተቱ በየእርምጃው እየተባዛ ይሄድና ነጠላው በጥቂት ምስሎች ውስጥ ወደ ጠፈር ይበተናል። ዴቪድ ባራፍና አንድሩ ዊትኪን እ.ኤ.አ. በ1998 የቀጣዩን ቅጽበት ኃይል በራሱ በስሌቱ ውስጥ አስገብተው ረጅም እርምጃ መሄድ የሚቻልበትን መንገድ ለጨርቅ ሥራ አሳዩ። ነገር ግን የእነርሱ ጨርቅ የእኛ ነጠላ አይደለም። ነጠላ በመካከሉ ስስ ነው፤ ጥለቱ ግን ይከብዳል፣ ይደርቃልም። ሁለት ዓይነት ክብደትና ሁለት ዓይነት ጥንካሬ ካልሰጠነው ዝርግ አንሶላ ይመስላል። አለባበሱም ለደስታና ለሐዘን ይለያያል፤ ጥለቱ የሚውልበት ቦታ ራሱ ይናገራል። ይህን ለማሽኑ የሚነግረው በየትኛውም ሶፍትዌር ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ቁልፍ የለም።

ሹሩባው

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «ቶይ ስቶሪ» ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። ታሪኩ ስለ መጫወቻዎች መሆኑ እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ የነበረው የብርሃን ስሌት ማንኛውንም ነገር ፕላስቲክ ያስመስለው ነበር፤ ስለዚህ ፕላስቲክ የሆኑ ገጸ ባሕርያት ተመረጡ። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎችና ውሻው ዛሬ ስናያቸው ደረቅ ይመስላሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ «ሞንስተርስ ኢንክ.» ላይ ሰሊ የተባለው ፍጥረት 2,320,413 ጸጉሮች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ «ብሬቭ» ፊልም ላይ ሜሪዳ የተባለችው ልጅ ጥቅልል ቀይ ጸጉር እንዲኖራት ስቱዲዮው አዲስ ሶፍትዌር ጻፈ፤ 1,500 ያህል ዘለላዎችም ለብቻቸው ተቀረጹ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ቢኖር በኮምፒዩተር አኒሜሽን ውስጥ ቀላል የሚሆነው ቀደም ሲል አንድ ሰው ጊዜና ገንዘብ አውጥቶ ቀመሩን የጻፈለት ነገር መሆኑን ነው። ለረጅም ጊዜ ቀመር የተጻፈለት ጸጉር ቀጥ ያለውና ሞገድ ያለው ነበር። እንደ እኛ ልጅ ያለ፣ በጠባቡ የተጠቀለለ ጸጉር እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በጥናቶቹ ውስጥ ተረስቶ ቆይቷል። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ቴዎዶር ኪምና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ ኤ.ኤም. ዳርክ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ያሳተሟቸው ሥራዎች ለዚህ ጸጉር የተለየ ሜካኒክስ አቅርበዋል። ያገኟቸው ነገሮች የሚያስደንቁ ናቸው። እያንዳንዱ ጸጉር እንደ ሞላ የተጠመዘዘ ነው። ከራስ ቅል አጠገብ ሞላዎቹ እርስ በርሳቸው ስለማይናበቡ እንደ ደመና ይነፋሉ፤ ወደ ጫፍ ሲሄዱ ግን ጠመዝማዛቸው ይገጣጠምና በአንድ ዘለላ ይያያዛሉ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጥምዘዛው በድንገት ከቀኝ ወደ ግራ ይገለበጣል። የቀድሞውን የቤት ስልክ ጠመዝማዛ ገመድ የሚያውቅ ሰው ይህን ግልባጭ ያስታውሰዋል፤ ገመዱ የሚቆላለፍበት ያ ቦታ ነው። የአስኮዋ ልጅ ሹሩባ ሌላም ነገር ይጨምራል። ከፊት የተጎነጎነው ክፍል ከራስ ቅሏ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ከኋላ የተበተነው ግን ለብቻው ይዘላል። በአንድ ራስ ላይ ሁለት የተለያዩ ቀመሮች ያስፈልጋሉ።

የቆዳውም ነገር እንዲሁ ነው። በቆዳ ላይ የወደቀ ብርሃን ከፊሉ ከላይ ይንጸባረቃል፤ ከፊሉ ገብቶ ውስጥ ለውስጥ ተበታትኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የቀረበ አንድ ሞዴል ይህን የውስጥ መበተን በፍጥነት ማስላት ስላስቻለ ከፕላስቲክ መሰል ፊት ነጻ ወጣን። ይሁን እንጂ ኪም እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ተከራከረው ስለ «ሰው ቆዳ» የተደከመው በአመዛኙ ስለ ነጭ ቆዳ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኒን ወደ ውስጥ የገባውን ብርሃን ብዙውን ስለሚውጠው ዓይን የሚይዘው ከላይ የሚንጸባረቀው ነው፤ በግንባርና በጉንጭ ላይ የሚታየው ወዝ። ለአንዱ ቆዳ የተስተካከለ መብራት ለሌላው አመድ ይነፋል። ይህ የማሽን ክፋት አይደለም፤ ቀመሩን የጻፈው ሰው በፊቱ ያየው ፊት ነው። በአገራችን ሒሳብና ፊዚክስ የሚማር ወጣት ይህን መስክ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ባያልፈው እንወዳለን።

ሒሳቡ

የቱ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ በሰዓት መልስ እንሞክር። ለስሌት ያህል አንድ ሥዕል ከነቀለሙ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል እንበል። በሰከንድ 12 ሥዕል ስለሚያስፈልግ አንድ ሰከንድ 6 ሰዓት ይፈጃል። በኮምፒዩተር ደግሞ ልጅቱን ከነአጽሟ፣ ከነነጠላዋና ከነሹሩባዋ ለመሥራት 300 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሰከንድ ለማንቀሳቀስ 2 ሰዓት እንመድብ። የአራት ሰከንዱ ትዕይንት በእጅ 24፣ በኮምፒዩተር 308 ሰዓት ይወስዳል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት 75ኛው ሰከንድ ላይ፣ በ450 ሰዓት ነው። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ከሆነ ግን በእጅ 7,200፣ በኮምፒዩተር 2,700 ሰዓት ይሆናል። ቁጥሮቹን አንባቢ እንደ ልምዱ ሊለውጣቸው ይችላል፤ የመስመሮቹ ጠባይ ግን አይለወጥም። አጭርና የማይደገም ነገር ለእርሳስ፣ ረጅምና ተከታታይ የሆነ ለኮምፒዩተር ያደላል።

በዚህ ስሌት ያላስገባነው ማሽኑ ራሱ ምስሉን ለማውጣት የሚፈጀውን ጊዜ ነው። አንድ ምስል 1,920 በ1,080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥቦች አሉት። በእያንዳንዱ ነጥብ 100 የብርሃን ጨረሮችን ብንከታተል አራት ሰከንዱ 20 ቢሊዮን ገደማ ጨረሮችን ይጠይቃል። አንዱ ምስል 10 ደቂቃ ቢፈጅ 96ቱ 16 ሰዓት ይሆናሉ፤ ዘጠና ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ደግሞ በአንድ ኮምፒዩተር 900 ቀን። ለ«ቶይ ስቶሪ» 117 ኮምፒዩተሮች ተሰልፈው 800,000 የማሽን ሰዓት የፈጀው ለዚህ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው አንድ ምክር እንጨምር፤ ውጤቱን እንደ አንድ ቪዲዮ ፋይል ሳይሆን እንደ ተናጠል ምስሎች ያስቀምጥ። እንዲያ ካደረገ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋበት አንድ ምስል ብቻ ነው።

የአገራችን የልጆች ፕሮግራም ታሪክም በዚህ ሒሳብ ሊነበብ ይችላል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ የነበራቸው መሣሪያ ድምፃቸውና ፊታቸው ነበር። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን እ.ኤ.አ. በ2005 አቋቁመው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን ፕሮግራም ሲጀምሩ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ አሻንጉሊት ሆነች። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። አሻንጉሊት በእኛ ስሌት ላይ ብናስቀምጠው ሦስተኛ መስመር ነው፤ ለመሥራት ቀናት ይፈጃል፣ አራት ሰከንድ ለማንቀሳቀስ ግን አራት ሰከንድ ይበቃዋል። ይኸው ድርጅት ከጊዜ በኋላ ሦስት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል ይዘው ጎጂ ልማዶችን የሚታገሉበትን «ጥበብ ገርልስ» የተባለ ተከታታይ አኒሜሽን ሠርቷል። ይህም ባለ ሦስት ልኬት ሳይሆን ጠፍጣፋ ሥዕል ነው።

በሌላው ዓለምም ቢሆን አንዱ መንገድ ሌላውን ፈጽሞ አላጠፋውም። በ1994 እ.ኤ.አ. «ዘ ላየን ኪንግ» ፊልም አንበሶቹ በእጅ ተሥለው፣ ገደሉን የሚያጥለቀልቀው የዱር እንስሳት መንጋ በኮምፒዩተር ተሠርቷል፤ መቶ እንስሳት እርስ በርስ ሳይጋጩ እንዲሮጡ ማድረግ ለእርሳስ ከባድ፣ ለቀመር ቀላል ነውና። የጃፓኑ ሃያኦ ሚያዛኪ በእጅ የተሣለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2024 ኦስካር ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ሽልማቱን የወሰደው የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ «ፍሎው» ደግሞ በነጻ በሚገኘው ብሌንደር ሶፍትዌር የተሠራ ነው። ዝርዝሩን ሆን ብለው ስለቀነሱና ጨረሮችን አንድ በአንድ ከመከታተል ይልቅ እንደ ኮምፒዩተር ጨዋታ ምስሉን በፍጥነት የሚያወጣውን ዘዴ ስለመረጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች አላስፈለጓቸውም። አንድ ድመት በጎርፍ ውስጥ ስትጓዝ ለማሳየት ያን ሁሉ ጸጉር መቁጠር ግድ እንዳልሆነ ወሰኑ።

ስለ ልጅቱ የእኛን ምርጫ ብንጠየቅ የመጀመሪያዎቹን አራት ሰከንዶች በእርሳስ እንሠራቸዋለን። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። በየሉኩ የቀኝ ጠርዝ ላይ በስስ እርሳስ፣ 1ኛውን፣ 7ኛውን፣ 13ኛውን እያሉ በየስድስቱ ቁልፍ ሥዕሎቹን መሣል፤ ከዚያ መካከሉን መሙላት። ነጠላው ከእርሷ ሁለት ሥዕል ዘግይቶ እንዲከተል ማድረግ። የተበተነው ሹሩባ ደግሞ ሦስት። ደብተሩን በአውራ ጣት ሲያገላብጡት አራት ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ለተበላሸ ሥዕልም ሁለት ሉክ ይተርፋል።